ዛርዙዌላን ያቆየው የነገሥታት ችሮታ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ዓምድ ላይ ስለ ዛርዙዌላ፣ ማለትም ንግግርና ዘፈን እየተፈራረቁ ስለሚቀርቡበት የስፔን ሙዚቃዊ ተውኔት፣ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ስለ አውሮፓ መድረክ ሲነሣ የጣልያን ኦፔራና የእንግሊዝ ተውኔት ብቻ በሚወሱበት አገር ለዚህ ጥበብ ቦታ መስጠታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ታሪኩን የተረኩበት መንገድ አንባቢን ያሳስታል ብዬ ስለማምን ይህን መልስ ልኬያለሁ። በእርሳቸው አገላለጽ ዛርዙዌላ በቤተ መንግሥት ተወልዶ፣ በነገሥታት ገንዘብ አድጎ፣ በነገሥታት ጥበቃ እስከ ዛሬ የቆየ፣ የጣልያን ኦፔራ ታናሽ ወንድም ነው። በቤተ መንግሥት መወለዱን እቀበላለሁ። የቀረውን ግን ታሪኩ ራሱ አይቀበለውም፤ ዛርዙዌላ በእግሩ የቆመው በሙዚቀኞቹ፣ በተዋንያኑና ትኬት በሚገዛው ሕዝብ ጥረት ሲሆን፣ የነገሥታቱ ገንዘብ ለረጅም ዘመን የፈሰሰው ለባላንጣው ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ከማድሪድ ወጣ ብሎ፣ ኤል ፓርዶ በተባለው የአደን ደን አካባቢ፣ የስፔን ንጉሣዊ ቤተሰብ ዛሬ የሚኖርበት የዛርዙዌላ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው የአደን ማረፊያ ነበር። ንጉሥ ፌሊፔ 4ኛ ከአደን በኋላ ከመኳንንቱ ጋር የሚዝናናው እዚያ ስለነበር፣ ለዚሁ መዝናኛ የሚዘጋጁት ሙዚቃ የተቀላቀለባቸው ተውኔቶች የቦታውን ስም ይዘው ቀሩ። ታላቁ ባለቅኔ ፔድሮ ካልዴሮን ዴ ላ ባርካ በ1657 ያቀረበው «ኤል ጎልፎ ዴ ላስ ሲሬናስ» ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። የካልዴሮን የሙዚቃ አጋር የቤተ መንግሥቱ የሃርፕ ተጫዋች ሁዋን ኢዳልጎ ነበር። በእነዚህ ቀደምት ሥራዎች ታሪኩ የሚቀዳው ከግሪክና ከሮማ አፈ ታሪክ ሲሆን፣ አማልክቱ በዜማ ሲናገሩ ሰዎቹ ግን በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ተውኔት በግጥም ንግግር ይጫወቱ ነበር። የዘፈኑን ድርሻም፣ የወንድ ገጸ ባሕርያትን ጭምር፣ በአብዛኛው የሚይዙት ሴቶች ተዋንያን ነበሩ። ከዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው አልተረፈም፤ በ1734 የማድሪድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ሲቃጠል የቤተ መንግሥቱ የኖታ ክምችት አብሮ ወድሟል።

ጸሐፊው ትረካቸውን እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ባልተከራከርኳቸው ነበር። በ1700 የሃፕስቡርግ ሥርወ መንግሥት በስፔን ሲያከትም ዙፋኑ ከፈረንሳይ ለመጣው የቡርቦን ቤተሰብ ተላለፈ፤ የአዲሱ ንጉሥ የፌሊፔ 5ኛ ሁለተኛ ሚስት ደግሞ የፓርማዋ ኢሳቤል ፋርኔሲዮ ነበረች። በዚህም የቤተ መንግሥቱ ጆሮ ወደ ጣልያን ዞረ። በ1737 ንጉሡን ከያዘው ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ያላቅቀው ይሆናል ተብሎ ዝነኛው ዘፋኝ ፋሪኔሊ ወደ ማድሪድ ተጠራ፤ ለዓመታትም ሌሊት ሌሊት ለንጉሡ እየዘፈነ ኖረ። በልጁ በፌርናንዶ 6ኛ ዘመን ደግሞ የቤተ መንግሥቱ የጣልያን ኦፔራ ትርኢቶች ኃላፊ ሆኖ፣ በአውሮፓ ተወዳዳሪ የሌለው ወጪ የሚፈስበትን መድረክ መራ። ሆሴ ዴ ኔብራን ያየን እንደሆነ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ኔብራ እንጀራውን የሚያገኘው በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ኦርጋን በመጫወት ቢሆንም፣ እንደ 1743ቱ «ቪየንቶ ኤስ ላ ዲቻ ዴ አሞር» ያሉትን ዛርዙዌላዎቹን የጻፈው ለማድሪድ የሕዝብ ቲያትር ቤቶች ነበር። ንጉሡ የከፈለው ለኦርጋኑ ነው፤ ለዛርዙዌላው የከፈለው በር ላይ ሳንቲም የሚቆጥረው ሕዝብ ነው።

አማልክቱን ከመድረክ ያወረዳቸውም ይኸው ሕዝብ ነው። በቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ከሥራ ውጭ ደግሞ የተውኔት ደራሲ የነበረው ራሞን ዴ ላ ክሩስ የማድሪድን ተራ ሰው ኑሮ በመቶዎች በሚቆጠሩ አጫጭር ተውኔቶች ያሳየ ሰው ነው። በ1768 ከሙዚቃ ደራሲው አንቶኒዮ ሮድሪጌስ ዴ ኢታ ጋር «ላስ ሴጋዶራስ ዴ ባዬካስ» የተሰኘውን ዛርዙዌላ ሲያቀርብ በመድረኩ ላይ የቆሙት አፖሎና ጁፒተር ሳይሆኑ፣ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ መንደር በነበረችው በባዬካስ አጨዳ ላይ የተሰማሩ ሴቶች ነበሩ። ይህ ለውጥ ግን ወዲያው ፍሬ አላፈራም። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል የጦርነትና የጣልያናዊው የኦፔራ ደራሲ የሮሲኒ ዘመን ሲሆን፣ ዛርዙዌላ የሚለው ስም ራሱ ከመድረክ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጸሐፊው በሁለት መስመር ወዳለፉት፣ በእኔ እምነት ግን የታሪኩ እምብርት ወደሆነው ዘመን ልምጣ። በ1850 በማድሪድ ቤተ መንግሥት ትይዩ ቴአትሮ ሬያል የተባለው ታላቅ ኦፔራ ቤት ተመረቀ። መክፈቻው የጣልያናዊው የዶኒዜቲ «ላ ፋቮሪታ» ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በዚያ መድረክ የሚደመጠው ቋንቋ ጣልያንኛ ነበር። ንግሥት ኢሳቤል 2ኛ የምትወደውና የምትደግፈው ይህንን ቤት ነው። የስፔን ወጣት የሙዚቃ ደራስያን በገዛ ዋና ከተማቸው በገዛ ቋንቋቸው የሚሠሩበት ቤት አልነበራቸውም። ከእነርሱ መካከል ፍራንሲስኮ አሴንሆ ባርቢየሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ክላርኔት እየነፋ፣ በኦፔራ አጃቢዎች መካከል እየዘፈነ፣ ኖታ እየገለበጠ ያደገ የማድሪድ ልጅ ነበር። በ1851 ሦስት ገቢር ያለው «ሁጋር ኮን ፉዌጎ» የተባለው ዛርዙዌላው በቴአትሮ ዴል ሲርኮ ታይቶ ከፍተኛ ተወዳጅነት ሲያገኝ፣ የስፔን ሕዝብ ሙሉ ምሽት የሚወስድ ሙዚቃዊ ተውኔት በራሱ ቋንቋ ለማየት ገንዘብ እንደሚከፍል ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ባርቢየሪ፣ ሆአኪን ጋስታምቢዴ፣ ራፋኤል ኤርናንዶ፣ ክሪስቶባል ኡድሪድና ሆሴ ኢንሴንጋ ከተውኔት ጸሐፊው ሉዊስ ኦሎናና ከዘፋኙ ፍራንሲስኮ ሳላስ ጋር ማኅበር አቋቁመው፣ ሥራውንም ትርፉንም ኪሳራውንም ለመካፈል ተስማሙ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1856፣ ከማኅበሩ መሥራቾች የቀሩት ፍራንሲስኮ ዴ ላስ ሪባስ ከተባለ የባንክ ባለሀብት ገንዘብ አግኝተው፣ በሆቬያኖስ ጎዳና ላይ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ይህ ቤት ቴአትሮ ዴ ላ ዛርዙዌላ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠናቅቆ በኦክቶበር 10 ሲከፈት ቀኑ የንግሥቲቱ የልደት በዓል ነበር፤ ጸሐፊው «የንግሥቲቱ ስጦታ» ያሉት ምናልባት በዚህ የቀን መገጣጠም ተታለው ይሆናል። ለበዓል አክብሮት ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ የግንባታውን ዕዳ መሸከም ሌላ ነገር ነው። ዕዳውን የተሸከሙት የሙዚቃ ደራስያኑ ናቸው። ለመክፈቻው ምሽት ባርቢየሪ ከታወቁ ዛርዙዌላዎች ዜማዎችን ለቃቅሞ አንድ የኦርኬስትራ ሙዚቃ አዘጋጅቷል፤ ከራሱ ሥራ ጋር የባልደረቦቹንም ዜማ ማስገባቱ ቤቱ የማን እንደነበረ የሚናገር ይመስለኛል። ባርቢየሪ በዚሁ ቤት በ1874 ያቀረበው «ኤል ባርቤሪዮ ዴ ላባፒየስ» ላባፒየስ በተባለው የድሆች ሰፈር የሚኖር አንድ ቀልደኛ ፀጉር አስተካካይና አንዲት ልብስ ሰፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሚኒስትሮች ሴራ ውስጥ ሳይወዱ በግድ ሲገቡ የሚያሳይ ነው። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዲሴምበር 19 ሲሆን፣ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጄኔራል በሳጉንቶ ከተማ አምጾ በ1868ቱ አብዮት የተባረረውን የቡርቦን ሥርወ መንግሥት ወደ ዙፋኑ መለሰ። ተመልካቹ በመድረክ የሳቀበትን ዓይነት ሴራ በሳምንቱ በጋዜጣ አነበበው ማለት ነው።

ዛርዙዌላ እውነተኛ የብዙኃን ጥበብ የሆነው ግን በታላላቆቹ ሦስት ገቢር ሥራዎች ሳይሆን በኪስ ጉዳይ ነው። በ1866 ስፔንን የባንኮች ቀውስ መታት፤ በ1868 አብዮት ፈንድቶ ንግሥቲቱ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደች። ሙሉ ምሽት ለሚወስድ ትርኢት የሚከፍል ሰው ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሁዋን ሆሴ ሉሃን፣ አንቶኒዮ ሪኬልሜና ሆሴ ባዬስ የተባሉ ሦስት ተዋንያን ምሽቱን በሰዓት ከፋፍለው መሸጥ ጀመሩ። አንድ ቲያትር ቤት በአንድ ምሽት አንድ ረጅም ተውኔት በውድ ዋጋ ከማሳየት ይልቅ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጁ አራት አጫጭር ተውኔቶችን ያሳያል፤ ለእያንዳንዱም በርካሽ የተለየ ትኬት ይቆረጣል። ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ አንዱን አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቲያትር ቤቱ ደግሞ ወንበሩን በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ይሸጣል። ይህ አሠራር «ሄኔሮ ቺኮ» የተባለውን፣ አንድ ገቢር ብቻ ያለውን አጭር ዛርዙዌላ ወለደ። በ1873 በአልካላ ጎዳና የተከፈተው ቴአትሮ አፖሎ በኋላ የዚህ ጥበብ ዋና ቤት ሲሆን፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚጀምረው አራተኛው ትርኢቱ ፖለቲከኛውም፣ የበሬ ተፋላሚውም፣ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድረውም የሚገናኙበት ነበር። የሰዓቱ አጭርነት ደራስያኑን ቁጥብ አደረጋቸው። ገጸ ባሕርይው ገና ሲገባ ማን እንደሆነ በአነጋገሩና በልብሱ መታወቅ አለበት፤ ዜማው አንድ ጊዜ ተሰምቶ ወደ ቤት በሚመለስ ሰው አፍ ላይ መቅረት አለበት። ይህን ችሎታ እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው አንድ ሰዓት ሞክሮ ይጻፍ።

ለምሳሌ ያህል ፌዴሪኮ ቹዌካና ሆአኪን ባልቬርዴ ሙዚቃውን፣ ፌሊፔ ፔሬስ ኢ ጎንሳሌስ ቃለ ተውኔቱን የጻፉት የ1886ቱ «ላ ግራን ቢያ» ምንም ዓይነት የፍቅር ታሪክ የለውም ማለት ይቻላል። የማድሪድ ማዘጋጃ ቤት ሰፈሮችን አፍርሶ ሰፊ አውራ ጎዳና እሠራለሁ ብሎ ነበር። ደራስያኑ የከተማውን አሮጌ መንገዶችና አደባባዮች ሰዎች አድርገው መድረክ ላይ አወጧቸው፤ መንገዶቹ ተሰብስበው ሊወለድ ስላለው አዲስ ጎዳና ያወራሉ፣ ያማርራሉ፣ ይዘፍናሉ። ሦስት ሌቦች ሆታ በተባለው የስፔን ጭፈራ ዜማ ፖሊስ እንዴት እንደማይዛቸው ይፎክራሉ፤ አንዲት የቤት ሠራተኛ ደግሞ የእመቤቶቿን ገበና እያወጣች ከገበያው ገንዘብ እንዴት እንደምትቆርጥ የተማረችበትን ታሪክ ትዘፍናለች። ፈላስፋው ኒቼ በ1888 መጨረሻ በቱሪን ከተማ ይህን ሥራ አይቶ የሦስቱን ሌቦች ዘፈን ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ አድንቋል። የማዘጋጃ ቤቱን ነገር ማንሣት ያጓጓል፤ የእውነተኛው ጎዳና ሥራ የተጀመረው ተውኔቱ ከታየ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1910 ነው።

የዚህ ጥበብ ቁንጮ ተብሎ የሚታየው ግን በ1894 በአፖሎ የቀረበው «ላ ቤርቤና ዴ ላ ፓሎማ» ነው። ጊዜው ኦገስት 15፣ የፓሎማ እመቤታችን በዓል የሚከበርበት ሌሊት ነው። (እኛ ፍልሰታን የምንፈታበት ነሐሴ 16 ከዚህ ቀን ሳምንት ያህል ብቻ ይርቃል፤ የማድሪዱ በዓል ግን ከጾም ፍቺ ይልቅ የሙቀት ወቅት የመንገድ ላይ ጭፈራ ነው።) መጋረጃው ሲገለጥ ዶን ኢላሪዮን የተባለ ሽማግሌ ፋርማሲስት ከሱቁ ደጅ ተቀምጦ ከወዳጁ ጋር ስለ ሙቀቱና ስለ መድኃኒት ያወራል። የጉሎ ዘይት እንኳ ዛሬ በእንክብል ስለሚሰጥ ለመዋጥ አያስቸግርም፣ ሳይንስ ጉድ በሚያሰኝ ፍጥነት እየገሰገሰ ነው እያለ ይዘፍናል። ማታ ይህ ሽማግሌ ሱሳናና ካስታ የተባሉ ሁለት እህትማማቾችን አስከትሎ ወደ በዓሉ ይሄዳል። ሱሳናን የሚወዳት ሁሊያን ግን የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው፤ የጋዜጣ ሰዎች ለዚህ ገጸ ባሕርይ ልዩ ስሜት ቢያድርባችሁ አይገርመኝም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሚስት ወይዘሮ ሪታ ልትመክረው ብትሞክርም አይሰማም፤ ሱሳናን ወዴት እንደምትሄድ በቅናት ሲጠይቃትና እርሷ ስትመልስለት አባኔራ በተባለው የኩባ ጭፈራ ምት የሚዘፍኑት ቅብብል ዛሬም ድረስ ማድሪዳዊ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው። ጠብ ይነሣል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ሌላ ታሪክ የለውም፤ አያስፈልገውምም።

የዚህን ሥራ ሙዚቃ የደረሰው ቶማስ ብሬቶን ነው። ከሳላማንካ ደሀ ቤተሰብ ተወልዶ በካፌና በቲያትር ኦርኬስትራ ቫዮሊን እየመታ ያደገው ብሬቶን የዕድሜ ልክ ዓላማው እውነተኛ የስፔን ኦፔራ መፍጠር ነበር፤ ለአጭር ዛርዙዌላም ትልቅ ግምት አልነበረውም። ቃለ ተውኔቱን የጻፈው ሪካርዶ ዴ ላ ቤጋ መጀመሪያ ያሰበው ሌላውን ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ሩፔርቶ ቻፒን ነበር። ቻፒ ከአፖሎ አስተዳደር ጋር ተጋጭቶ ሲተወው ሥራው ለብሬቶን ደረሰ፤ በጥቂት ሳምንታት ጨረሰው። ታላላቅ ኦፔራዎቹ ዛሬ አልፎ አልፎ ሲታዩ፣ በየዓመቱ ስሙን የሚያስጠራው ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ቻፒን ካነሣሁ የመብቱን ጉዳይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የጽሑፋችሁ ትልቁ ጉድለትም ይህን አለማንሣቱ ነው። በዚያ ዘመን የሙዚቃ ደራስያንና ተውኔት ጸሐፊዎች የሥራዎቻቸውን ባለቤትነት ለአሳታሚ ይሸጡ ነበር፤ አብዛኞቹ የሚሸጡትም ሲቸግራቸው በጥቂት ገንዘብ ነው። ፍሎሬንሲዮ ፊስኮዊች የተባለው አሳታሚ በዚህ መንገድ የአብዛኛውን ዛርዙዌላ መብት ጠቀለለ። ከመብቱ ይልቅ ጉልበት የሰጠው ደግሞ የኖታው ክምችት ነበር። በአገሪቱ ዳርቻ ያለ አንድ ተጓዥ የቲያትር ቡድን አንድ ዛርዙዌላ ለማሳየት ለቫዮሊኑ፣ ለክላርኔቱ፣ ለከበሮው፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተገለበጠ ኖታ ያስፈልገዋል፤ ያን ኖታ የሚያከራየው ፊስኮዊች ነበር። ስለዚህ ደራሲው ሥራውን ባይሸጥለት እንኳ፣ ቡድኑ የሌሎቹን ኖታ እንዳያጣ ሲል የዚያን ደራሲ ሥራ ሊተው ይችላል። ቻፒ አልሸጥም አለ። ከጋዜጠኛውና ከተውኔት ጸሐፊው ሲኔሲዮ ዴልጋዶ ጋር ሆኖ ባልደረቦቹን አንድ በአንድ አሳመነ፤ የራሳቸውን የኖታ ክምችት አደራጁ፤ በ1899ም የስፔን ደራስያን ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በመጨረሻ የፊስኮዊችን ክምችት ራሱን ገዝቶ ጠቀለለው። ዛሬ በስፔን የሙዚቃና የተውኔት ባለመብቶችን ገንዘብ የሚሰበስበው ትልቁ ማኅበር የዚያ ወራሽ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ከወጣበት ከ1996 ዓ.ም. (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ በሙዚቀኞቻችን መካከል ሲነሣና ሲወድቅ የኖረውን ክርክር የሚከታተል አንባቢ፣ ከዛርዙዌላ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ብቻ ምረጥ ቢባል ይህን ይመርጥ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

መድረኩ ከሕዝቡ ሕይወት ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደነበር የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ የ1898ቱ «ሂጋንቴስ ኢ ካቤሱዶስ» ነው። በዚያ ዓመት ስፔን በአሜሪካ ተሸንፋ ኩባን፣ ፖርቶ ሪኮንና ፊሊፒንስን አጣች። ማኑዌል ፌርናንዴስ ካባዬሮ ሙዚቃውን የደረሰለት ይህ ሥራ የታየው በኖቬምበር መጨረሻ፣ የሰላም ውሉ ገና ሳይፈረም ነው። በሳራጎሳ ገበያ የሚነግዱ ሴቶች ቀረጥ አንከፍልም ብለው ሲያምጹ፣ ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮችም ኤብሮ የተባለውን ወንዝ ዳግመኛ አይተው በአንድነት ሲዘፍኑ ያሳያል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የእነዚያው ወታደሮች እናቶችና ወንድሞች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ የየትኛውም ኦፔራ ታናሽ ወንድም ብሎ መጥራት አይቻልም። ባርቢየሪና ባልደረቦቹ ከጣልያን ኦፔራም ከፈረንሳይ የቀልድ ኦፔራም ብዙ መማራቸው አይካድም። ሆኖም በመካከሉ የሚመጣው ንግግር የዘፈን ማነስ አይደለም፤ ዛርዙዌላ የሚዘፍን ሰው ተዋናይ መሆን ግዴታው ነው። ከጭፈራዎቹም ሆታው ከአራጎን፣ ሴጊዲያው ከካስቲያ፣ አባኔራው ከኩባ የመጣ ነው፤ ቾቲስ የተባለው ጭፈራ ከመካከለኛው አውሮፓ መጥቶ የማድሪድ ደሀ ሰፈሮች የራሳቸው አድርገውታል።

የባሕር ማዶውን ነገር በአጭሩ ላንሣ። በፊሊፒንስ የስፔን ቡድኖች ያስተዋወቁትን ጥበብ የአገሩ ደራስያን በታጋሎግ ቋንቋ አድርገውት፣ በ1902 ሴቬሪኖ ሬዬስ «ዋላንግ ሱጋት» በተባለው ሥራው የስፔን መነኮሳትን በደል በራሱ በስፔን ጥበብ አጋለጠበት። በኩባ ደግሞ ጎንሳሎ ሮይግ በ1932 «ሴሲሊያ ቫልዴስ»ን ሲደርስ የባርነትና የዘር ልዩነት መከራን የታሪኩ መሠረት አድርጎታል። ቅኝ ገዥው ካስረከበው ነገር ይህኛው ቢያንስ በተቀባዮቹ እጅ ሌላ ሥራ ሠርቷል።

በስፔን ውስጥ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቆንጆ ቆንጆ ሥራዎች ነበሩ፤ አማዴዎ ቢቬስ በ1923 «ዶኛ ፍራንሲስኪታ»ን፣ ፌዴሪኮ ሞሬኖ ቶሮባ በ1932 «ሉዊሳ ፌርናንዳ»ን አበረከቱ። ነገር ግን የሰዓት ትኬት የፈጠረውን ጥበብ ከሰዓት ትኬትም የረከሰ ነገር መጣበት፤ ሲኒማ ኦርኬስትራ አያስፈልገውም። አፖሎ በ1929 ተዘግቶ ፈረሰና በቦታው ባንክ ተሠራ። ጸሐፊው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ዛርዙዌላን «ተንከባከበ» ማለታቸው በከፊል እውነት ነው፤ አሮጌዎቹ ሥራዎች እንደ ብሔራዊ ቅርስ በየበዓሉ ይታዩ ነበር። ነገር ግን «ላ ኮርቴ ዴ ፋራዎን» የተባለው የ1910 ሥራ በቀልዱ ምክንያት ታግዷል። ከዘመኑ ደራስያን ሁሉ ጎበዝ የሚባለውና በጦርነቱ ፍራንኮ ላሸነፈው ለሪፐብሊኩ ወገን የነበረው ፓብሎ ሶሮሳባል ደግሞ ብዙ እንግልት ደርሶበታል። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በባርሴሎና የታየው «ላ ታቤርኔራ ዴል ፑዌርቶ» በ1940 ማድሪድ ላይ ሲቀርብ የአገዛዙ ደጋፊዎች ረብሻ አስነሥተውበታል። በ1968 ያጠናቀቀው «ሁዋን ሆሴ» በሕይወት ሳለ አልተሰማለትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮንሰርት የቀረበው ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ በ2009፣ በመድረክ የታየውም በ2016 ነው። ሟቾቹን እያከበረ ሕያዋኑን የሚያፍን እንክብካቤ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የሆቬያኖስ ጎዳናው ቤት በ1909 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል፤ ቴአትሮ ሬያል ለአሠርት ዓመታት ለኦፔራ ዝግ በሆነበት ጊዜም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የማድሪድን ኦፔራ በእንግድነት ያስተናገደው ይኸው፣ ኦፔራ ቤቱ ቦታ የነፈጋቸው ሰዎች የሠሩት ቤት ነበር። በ2018 የስፔን መንግሥት ቴአትሮ ዴ ላ ዛርዙዌላን ከቴአትሮ ሬያል ጋር አዋህዳለሁ ብሎ ሲነሣ፣ የመድረክ ሠራተኞቹ፣ ኦርኬስትራውና ድምፃውያኑ ሥራ አቁመው ተቃወሙ። ትርኢቶች ተሰረዙ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ሲለወጥም አዲሱ አስተዳደር ውህደቱን ተወው። እርግጥ ነው፣ ቤቱ ዛሬ የሚተዳደረው በመንግሥት በጀት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው ቢሆን እስማማ ነበር። ነገር ግን ይህ በጀት የመጣው ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ እርሱ ከኖረ በኋላ ነው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ ሁለት ማስተካከያዎችን ቢያወጣ ደስ ይለኛል፤ አንደኛው ቴአትሮ ዴ ላ ዛርዙዌላ በ1856 የተከፈተው በሙዚቃ ደራስያኑ ማኅበር ጥረትና ከባለሀብት በተገኘ ገንዘብ እንጂ በንግሥቲቱ ስጦታ አለመሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ላ ቤርቤና ዴ ላ ፓሎማ» የብሬቶን እንጂ በጽሑፉ እንደተገለጸው የቻፒ አለመሆኑን የሚመለከት ነው። ጸሐፊው በዚሁ ጉዳይ ቀጣይ ክፍል እንደሚኖር ስለገለጹ፣ ስለ ቻፒና ስለ ደራስያኑ ማኅበር ሰፋ አድርገው እንዲመለሱበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ